ሌባዬን ያስመለጠችው ዳኛ

ዛሬ እዚህ ሸዋ ሮቢት በባለ ሃምሳ ቃል የልብወለድ ውድድር ላይ ዳኛዋ ሌባዬን አስመለጠችብኝ።

ታሪኬ ቀላል ነው። ሌሊት በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ጠዋት ጎረቤቱን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ጎረቤትየው የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የላሚቱን፣ የማሽላውን ሳይቀር ደህንነት ይጠይቀዋል። ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀውን በሬ ግን ይዘላል። ገበሬው ሌባውን በዚህ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ቃሉ ስለበዛ ሰላምታውን አውጥቼዋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ሌባው በምን ይታወቅ?»

«አንባቢ ይገምታል።»

አንባቢን ፖሊስ አደረገችው፣ ያውም በዚህ ሙቀት።

ስንለያይ የእናቷን፣ የአባቷን፣ የድመቷን ሳይቀር ደህንነት ጠየቅኋት። ስለ ዳኝነቷ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የቀረውን እሷም ትገምት።

እናንተስ ምናችሁን ቆረጡባችሁ? እዚህ ገጽ ላይ ቃል የሚቆጥር የለም፤ ከነሰላምታችሁ ጻፉልኝ።