ዓይን ተጨፍኖ የታየ ቲያትር

ቸርች ውስጥ አሸር፣ ሰው አስተናባሪ ነኝ። ስብከት ላይ ያንቀላፋ ሰው ካየሁ እጄ አያርፍም፤ ቀስ ብዬ ጎሸም አደርገዋለሁ።

በቀደም እዚህ ሮውሌት ከተማ ያሉት ኬንያዊው ጎረቤቴ፣ ሰማንያን ያለፉ አዛውንት፣ አዲሰን ከተማ ድረስ በመኪናህ ራይድ ስጠኝ ብለውኝ ቲያትር ጋበዙኝ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ የእንግሊዞች ኮሜዲ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ትንሽ አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል፣ እሳቸው ግን ጭጭ ብለዋል። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው፤ በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው።

«አልተኛሁም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በቅኝ ግዛት ጊዜ እንግሊዞቹ ይህንኑ ቲያትር በየዓመቱ በክለባቸው ይሠሩት ነበር። አባቴ የክለቡ ምግብ አብሳይ ስለነበር፣ እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጥቁር ገብቶ ማየት አይፈቀድለትም ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ገብተው የለም እንዴ! ለምን አያዩም?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያኔ ድምፃቸውን ብቻ እየሰማሁ፣ የቲያትሩን ሰዎች ሁሉ በሐሳቤ የሳልኳቸው ጥቁር አድርጌ ነው። እመቤቲቱ እናቴን ነው የምትመስለው። ዓይኔን ስገልጥ ነጭ እየሆኑ አስቸገሩኝ።»