ለአራት ሰው የሚበቃ አየር

የበደለችኝ የአገሬ ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ብጽፈው ታዋቂ ሆንኩ ብላ ደስ ይላታል። ጊዜው ጦርነቱ ካርቱምን ከማፍረሱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ከእኔው ወረዳ የመጣች፣ የመጀመሪያ ሥራዋን እኔ ያገኘሁላት፣ ጀለቢያ መተኮስ እኔ ያስተማርኳት ሴት፣ አሠሪዬ ዘንድ ሄዳ ወሬ አቀበለችብኝ።

የምሠራው ካርቱም አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት አዛውንት ብቻ ባሉበት ቤት ነበር። ሽማግሌው በጡረታ የተገለሉ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው ማንበብ አይችሉም። እኔ ዐረብኛ አነባለሁ፤ አባቴ ወሎ ሳለሁ ከወንድሞቼ እኩል ቁርአን አስቀርቶኛል፣ የቀረውን ካርቱም አስተማረችኝ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሚስትየዋ፣ ሁላችንም ሐጃ የምንላት፣ ጋደም ስትል ለእሳቸው ልብ ወለድ አነብላቸው ነበር።

የሚወዱት ስለ ጠፈር ጉዞ የተጻፈውን ነው። ጭራቅ ያለበትንና በራሪ ሳህን ያለበትን ግን አይወዱም። “እሱ የልጆች ነው፤ ይሄ ነገ የሚሆን ነገር ነው” ይሉኝ ነበር። በእነዚህኞቹ መጻሕፍት ሰው ሽንቱን አጣርቶ ይጠጣል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ አንዲት ቧንቧ ብታፈስ ምዕራፉ ሁሉ ጭንቀት ነው። መጀመሪያ ጸሐፊዎቹን አላመንኳቸውም። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚሸጥልህ ነገር አለው። እያነበብኩ ስሄድ ግን፣ በር ተዘግቶበት፣ የመውጫው ቀን በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ ካልመረጣቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ምን እንደሚሆን ጸሐፊዎቹ እንደሚያውቁት አየሁ። ያን ጊዜ ማመን ጀመርኩ። በጥቂቱ።

ዓርብ የእረፍት ቀናችን ነው። ሰው ቤት የምናድር ሴቶች ተዋጥተን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር፤ ሻንጣችን የሚቀመጠውም፣ ፀጉራችን የሚሠራውም እዚያ ነው። ከወንዙ ማዶ ካሉት ሰፈሮች፣ ከሐጅ ዩሱፍም ከባሕሪም ይመጣሉ። ሳምንቱን ያነበብኩትን በአማርኛ የምተርክላቸው እዚያ ነው።

የዚያን ሰሞን መጽሐፍ ማርስ ደርሰው ስለሚመለሱ አምስት ሰዎች ነበር። አየር የሚያጣራው መሣሪያ መንገድ ላይ ይሰበራል። ሲያሰሉት እስከ ምድር የሚያደርሰው አየር ለአራት ሰው ብቻ ይበቃል። አንዱ መቅረት አለበት። ማን ይቅር?

“ልብሳቸውን ማን ያጥባል?” አለች አንዷ፣ ከሁሉ አስቀድማ።

“አይታጠብም። ሲቆሽሽ ይጥሉታል።”

“ወላሂ? ደህናውን ልብስ?”

“ውሃ የላቸውማ።”

“እንግዲያው እዚያ ለእኛ ሥራ የለም” አለች የጎንደሯ። “ያላ፣ ቀጥዪ። እኔን ከጠየቅሽኝ አዛዡ ይቅር። አለቃ ብዙ አየር ይጨርሳል።”

“ሐኪሟ ትቅር! ማን ታመመና ነው?”

“አንቺ ሐኪሟን አሠሪሽን እያሰብሽ ነው።”

“አዎ፣ እያሰብኳት ነው። ምን ታመጪ?”

አንድ ዓርብ ሰልፍ ነበረና ድልድዮቹ ተዘጉ። ክፍሉ ውስጥ የተገኘነው ሦስት ብቻ ነን፤ እኔ፣ የጎንደሯ እና ይህች የአገሬ ልጅ፤ እሷ ከዋዜማው መጥታ እዚያው አድራ ነበር። የጎንደሯ “ይሄ አዛዥ ሚስት የለውም እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉ ውስጥ የለችውም። ሰውም ስላልነበረ ቀልድ አማረኝና ሚስት ሰጠሁት። ባሏ ገና ጠፈር ላይ ሳለ ዕቃውን አውጥታ የምትሸጥ፣ ስኳር የምትቆልፍ ሚስት። ሳቅን። በሚቀጥለው ዓርብ ሌሎቹ ሲመጡ ሚስትየዋን አላነሳኋትም፤ መጽሐፉን መበረዝ አልፈለግኩም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ከገበያ ስመለስ ሐጃ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ባሏ ሳይሞት ዕቃውን የምትሸጠው ሴት ማናት?”

የገበያውን ዘንቢል መሬት አስቀመጥኩ።

“ስኳር የምትቆልፈውስ? እኔ ነኝ?”

ስኳር እውነትም ትቆልፋለች። ግን በካርቱም ስኳር የማይቆልፍ ማን አለ? ይህን ብነግራት አትሰማኝም። የመጽሐፍ መደርደሪያውን ቆልፋ ቁልፉን እንደ ነጠላ በምትከናነበው ቶብ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ስወጣ ቦርሳዬን በር ላይ ትበረብር ጀመር፣ ጎረቤት እያየ። ያላባረረችኝ ባሏን ደግፎ የሚያስነሣላት ሌላ ሰው ስላልነበራት ነው። መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ቀርቶታል። ማን እንደሚቀር አላውቅም። አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ደግሞ እኔን ይጠብቃል።

ወሬኛዋን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ሚስትየዋን የሰሙት ሁለት ናቸው። የጎንደሯ ዐረብኛዋ ከቲማቲምና ከሽንኩርት አያልፍም። ሌላዋ እሷ ናት። የጎረቤቱ ዘበኛም እኔ ገበያ በሄድኩበት መጥታ እንደነበር ነገረኝ።

“ሐጃ ዘንድ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?” አልኳት ዓርብ ስንገናኝ።

“አንቺን ብዬ ነዋ። አጣሁሽ።”

“ሻይ ጠጣሽ።”

“ሻይ ሰጡኝ፤ ልድፋው?”

“የአዛዡን ሚስት ማን ነገራት?”

“ኧረ በአላህ፣ እትዬ! ተረት አይደለም እንዴ? ያስቃታል ብዬ ነው። በተረት ሰው ይጣላል?”

በተረት አይጣላም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት የጎንደሯን “ሐጃ ሌላ ሠራተኛ እየፈለገች ነው ወይ?” ብላ ጠይቃታለች። ወሬኛዋ የምትሠራበት ሐጅ ዩሱፍ ያለው ቤት ልጅ የሞላበት ነው። የእኔ ቤት ሁለት አዛውንት ብቻ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ሐጃ ባሕሪ ለቅሶ ሄደች። ሽማግሌው ጠሩኝ።

“የመደርደሪያው ቁልፍ የለኝም” አሉ። “ማጠፊያው ግን በዚህ በኩል ነው። መፍቻ አምጪ።”

በጣታቸው እየዳበሱ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ በሩ ከነቁልፉ ተነሥቶ ወጣ። የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ “ድገሚው፣ ዘለሽ እንዳይሆን” አሉኝ። እሳቸውም አያምኑኝም ነበር ማለት ነው። ደገምኩላቸው። ከዚያ በሩን መልሰው ገጠሙት፤ ሐጃም ምንም ሳታውቅ ቀረች። ወይም ያወቀች አልመሰለችም።

ከዒድ በኋላ ባለው ዓርብ የወሬኛዋ አሠሪዎች እንግዳ በዝቶባቸው አልለቀቋትም። የጠበቅኩት ይህንኑ ነበር። ሴቶቹን መጀመሪያ አስማልኳቸው፦ ለእሷ አትነግሯትም። ወላሂ አሉ፤ የጎንደሯ በማርያም ማለች። ከዚያ ፍጻሜውን ነገርኳቸው። ሁለቱ አለቀሱ፣ አንዷ ጸሐፊውን ረገመችው። ማን እንደቀረ እዚህ አልጽፍም። ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚያነብ አላውቅም።

ሳምንት ቆይታ መጥታ “ማን ቀረ?” እያለች ሁሉንም ዞረቻቸው። እኔ ባለሁበት ማንም አልነገራትም። ከኋላዬ ግን አንዷ ሳትነግራት አትቀርም ብዬ ወራት ሙሉ ጠረጠርኩ፤ ማን ትሆን እያልኩ የእያንዳንዷን አፍ ስጠብቅ ከረምኩ።

በዓመቱ ጦርነቱ ሁላችንንም በተነን። መተማ ድንበር ላይ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ አውቶቡስ በሚጠብቅበት ቦታ ያቺን ወሬኛ አየኋት። ከስታለች። ተሳሳምን፤ እንዲህ ባለ ቦታ አለመሳሳም ነውር ነው። ከያዝኩት ውሃ ሰጠኋት። ከጠጣች በኋላ ክንዴን ይዛ “በሞቴ፣ እትዬ፣ ያ መጽሐፍ... ማነው የቀረው?” አለችኝ።

ማንም አልነገራትም ነበር።

እኔም አልነገርኳትም። አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፍሬ ሄድኩ።