የአልጋ ላይ ማራቶን

ሯጩ የእግሩ አጥንት ስለተሰነጠቀ ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት መሬት እንዳይረግጥ ከለከለው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አሰልጣኙ ግን፣ «እግርህ እንጂ ጭንቅላትህ አልተሰነጠቀም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። በየጠዋቱ ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፉ ይወጡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሰዓት ይይዛሉ፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር በሐሳቡ ይሮጣል። ሚስቱ ቁርስ ይዛ ስትገባ፣ «ቆዪ፣ ዳገት ላይ ነው» ይሏታል።

ዛሬ ላብ በላብ ሆኖ ዓይኑን ገለጠ።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ሁለተኛ።»

«በገዛ ሐሳብህ ደግሞ ማን ይቀድምሃል?» አሉ ቱግ ብለው።

ሯጩ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ።»

አሰልጣኙ ከአልጋው ጠርዝ ተነሡ። በሩን ገርበብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በስንት ገባሁ?» አሉት።