ልጄ እጇ ላይ የተቀመጠችበት ወር

እዚህ ደባርቅ በጣቱ ሲቆጥር የታየ ልጅ ሰነፍ ነው። ጎበዝ በጭንቅላቱ ይቆጥራል፤ ጣት የሹራብ ቁልፍ ለመቆለፍና እንጀራ ለመቁረስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከብዙኃኑ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብስማማ በልጄ ጣቶች ላይ ሆነ።

ስድስት ዓመቷ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ አስጠርታኝ፣ «ያለ ጣቷ መደመር አትችልም። ወሩ ሲያልቅ ሁሉንም እፈትናለሁ፤ ካልቻለች አንደኛ ክፍል አትገባም፣ ትደግማለች» አለችኝ።

እኔ ዳባት ስማር ለዚሁ ጥፋት ጣቴን በማስመሪያ ተመትቻለሁ። ያንን ማስመሪያ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ቤት ገብቼ ግን ልጄን፣ «ስትቆጥሪ እጅሽ ላይ ተቀመጪበት» አልኳት። ማስመሪያ ስላልያዝኩ ራሴን እንደ ሠለጠነ ሰው ቆጠርኩ።

ታዘዘች። ሁለትና ሦስት ስንት ነው ስላት ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ድሮ «አምስት!» ብላ ትጮህ የነበረችው አሁን «አላውቅም» ትላለች፤ በሳምንቱ እሱንም ተወችው። ባቄላ ስንፈለፍል ማንም ሳይጠይቃት ፍሬውን አምስት አምስት እየደረደረች ትቆጥር ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ሳህኑ ውስጥ ትጥለዋለች። ያኔ ፈራሁ። ቁጥሩ የሚኖረው ጣቷ ላይ ነበር፤ እጇን ስደብቅባት እሱንም አብሬ ደበቅኩት።

«በይ እጅሽን አውጪና ቁጠሪ» አልኳት።

«ያስቀጣል» አለችኝ።

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። እግዚኦታው ላይ ሲደርሱ አርባ አንዱን «እግዚኦ» የሚቆጥሩት በጣታቸው አንጓ ነው፤ አውራ ጣታቸው በአራቱ ጣቶች ላይ ሦስት ሦስት አንጓ እየነካ ይሄዳል። አንድ እጅ ዐሥራ ሁለት፤ ሦስት ጊዜ ሞልቶ አምስት ሲጨመርበት አርባ አንድ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን ሒሳብ መስሎኝ አያውቅም። ልጄ ግን አፏን ከፍታ ታያለች።

«አባ፣ እርስዎም በጣት ነው የሚቆጥሩት?» አለች ሲጨርሱ።

«ታዲያ በምን ልቁጠር የኔ ልጅ፣ በጢሜ?»

«አይቀጡዎትም?»

«ማን ደፍሮ!» አሉና እጇን ይዘው አንጓዎቿን አንድ በአንድ አስነኳት። እኔ ጣራውን አየሁ።

በፈተናው ቀን ከክፍሉ መስኮት ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር።

«ሰባትና አምስት?» አለች መምህርቷ።

ልጄ እጇን ጠረጴዛው ሥር ከተተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ዐሥራ ሁለት።»

«ምን ደበቅሽ? እጅሽን አውጪ።»

አንድ እጇን ብቻ አወጣች።

«ሌላውስ?»

«አንዱ ይበቃል ቲቸር። አንድ እጅ ዐሥራ ሁለት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «አምስት ነው እንጂ፣ አንቺ ሞኝ!» አለ ከኋላ አንዱ። መምህርቷ እስክሪብቶዋን የውጤት ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ ሳልጋበዝ ገባሁ።

«መምህርት፣ እግዚኦታ ስትቆጥሪ አንድ እጅሽ ስንት ይይዛል?»

«እርስዎ ደግሞ! ይሄ ትምህርት ቤት ነው፤ እግዚኦታን ምን…» ብላ ሳትጨርስ፣ አውራ ጣቷ ሳታዝዘው አንጓ መንካት ጀምሮ ነበር። መጨረሻው አንጓ ላይ ሲደርስ ልጄን አየቻት፣ ከዚያ ወረቀቱን።

«እሺ፣ ትለፍ» አለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። «ብቻ አንድ እጅ አምስት ጣት እንዳለውም ያስተምሯት።»

ወደ ቤት ስንመለስ አስፋልቱ ጋ ደረስን። ከአዲ አርቃይ የመጡ የጭነት መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። ላሻግራት እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ አባዬ፣ እጄን አትያዘኝ። መኪኖቹን እየቆጠርኩ ነው።»

ስምንት ላይ ነበረች። ትከሻዋን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ ዐሥራ ሁለት እስኪሞላላት ጠበቅኩ።