ፕላኑ ላይ የሌለች ጋት

በትራም ዴፖው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ብሎን» ነው የሚላት። አጠር ጠንከር ያለች ናት፤ አንዴ የያዘችውን አትለቅም። ሃያ ስድስት ዓመት በትራም ሆድ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ስትሠራ ኖራለች። ቁጥር አሥራ አራት ዝናብ ሲጥል ፍሬኑ እንደሚለግም፣ የቁጥር ሠላሳ በር በትከሻ ካልገፉት እንደማይዘጋ የምታውቀው እሷ ናት። አሮጌ ትራም እንደ አማት ነው፤ ጠባዩን ችሎ መኖር ነው እንጂ ማሻሻል የሚባል ነገር የለም ትል ነበር።

ከተማው ግን መቻል ሰልችቶት ኖሮ ትራሞቹን በሙሉ በአዲስ ሊተካቸው ቆረጠ። የትኛው መቼ እንደሚወጣ፣ አዲሶቹም ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆኑ የሚያቅድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራውን እንድትመራ የተሾመችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው፤ የብሎን ታናሽ እህት። እናታቸው ስትሞት ብሎን ትምህርቷን አቋርጣ ቱታ ለበሰች፤ ታናሿን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለኢንጂነርነት አበቃች። ይኸው ዛሬ ኢንጂነሯ ነጭ ሄልሜት ደፍታ ዴፖው ስትመጣ፣ ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት የሠሩት ሰዎች ብሎንን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ «የኢንጂነሯ እህት ናት» ይላሉ። ያን ጊዜ እርር ድብን ትላለች።

ይሄንንስ በቻለችው። ከዴፖው አንድ ሠራተኛ የኮሚቴው አባል እንደሚሆን ከተወራ ወዲህ ግን ነገሩ እንደ እግር እሳት ያንገበግባት ጀመር። ያንን ወንበር ከልቧ ፈለገችው። አልጠየቀችም፤ ያሳደግኳትን ልጅ ልለምናት ነው እንዴ ብላ ሦስት ወር ጠበቀች። እህቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ምሳ ትበላለች፣ ስለ ሁሉም ታወራለች፣ ስለ ወንበሩ ግን ትንፍሽ አትልም። ብሎን ሳህን እያጠበች «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብላ በልቧ ትሰድባታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ኮሚቴው በዴፖው መመገቢያ አዳራሽ ተሰበሰበ። ብሎንና ሌሎቹ ሠራተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ኢንጂነሯ የመስመሩን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ስታስረዳ፣ ጣቷ የዱቄት ፋብሪካው ግንብ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ሲደርስ የብሎን ልብ ድንግጥ አለ።

ምክንያት ነበራት። ከዘጠኝ ክረምት በፊት ጎርፍ ከኩርባው ሀዲድ ሥር ያለውን አፈር በልቶት ነበር። እጅ ስላነሰ ብሎንም ከሀዲድ ጠጋኞቹ ጋር ገብታ፣ ሀዲዱን ወደ ግንቡ አንድ ጋት አስጠግተው «ለጊዜው» ብለው አሰሩት። በዴፖው ልማድ እንዲህ ያለ ጥገና ተረኛ ሲቀያየር ቆመው ይነጋገሩታል እንጂ አይጽፉትም። የሰሙት ጡረታ ወጡ፣ ከጠጋኞቹም ከእሷ በቀር የቀረ የለም፤ ለጊዜው የተባለው ግን እስከ ዛሬ አለ። አሮጌዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ግንቡን ነክተውት አያውቁም። አዲሶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ያልፋሉ፣ መሬቱ ላይ ግን ግንቡን ፍቀው ይቆማሉ።

ኢንጂነሯ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። «ወረቀቱ ላይ የሌለ፣ ዴፖው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ? እስቲ ንገሩን።» የኮሚቴው ሰብሳቢ እስክሪብቶውን አነሳ።

ብሎን በዓይነ ኅሊናዋ የምረቃው ቀን መጣባት። አዲሱ ትራም በከተማው ሰው ሁሉ ፊት ጎኑን ተልጦ ቆሞ፣ ነጯ ሄልሜት መግቢያ አጥታ። ይበላት አለች በሆዷ፤ ደስም አላት።

«የለም» አለች። «ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።»

እህቷ ትንሽ አየቻትና ፕላኑን አጠፈችው። ብሎንም ዝም አይነቅዝም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ደስታው ከምሳ አላለፈም። ከሰዓት በኋላ ፍሬን ስትፈታ ያን ትራም የሚነዳው ሰው፣ በመስኮት ክርናቸውን የሚያወጡት ተሳፋሪዎች ትዝ አሏት። እህቷም ትዝ አለቻት፤ ቱታዋን ጨብጣ ካልያዘች መንገድ የማትሻገረው ትንሿ ልጅ። ረቡዕ ቀትር ላይ ከነቱታዋ አራት ፎቅ ወጥታ እህቷ ቢሮ ገባችና፣ ስለ ጎርፉም፣ ስለ ጋቷም፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

ኢንጂነሯ አልደነገጠችም። ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አውጥታ አሳየቻት፤ ኩርባው በቀይ ተከቦ ልኩ ተጽፎበታል። ባለፈው ወር ራሷ ለክታው፣ ሀዲዱ ትራሞቹ ሳይገቡ ወደ ቦታው እንዲመለስ በዕቅዱ አስገብታዋለች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኛ» አለች ብሎን። «ካወቅሽው ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሰብሳቢው ካንቺው አፍ እንዲሰማ ነዋ፣ እትዬ። ሦስት ወር ስላንቺ ተሟገትኩ። እህቷን ሾመች እንዳይባል፣ ሰው ፊት ትናገርና እኔው እመርጣታለሁ አለኝ። ሳያልቅ ተስፋ ልስጥሽ ብዬ አልነገርኩሽም። ለምን ዝም አልሽ?»

ብሎን ግራሶ የያዘው መዳፏን አየች። «ቀንቼብሽ» አለች።

እህቷ ወንበር ሳበችላት። ብሎን አልተቀመጠችም። ቦታውን ማን እንዳገኘው ጠየቀች። ከዴፖው አንድ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ብሎን ከአዳራሹ ከወጣች በኋላ እጁን አውጥቶ፣ በአዲሶቹ ትራሞች ውስጥ አጭር ሰው የሚይዘው እጀታ ዝቅ ይበል ብሎ ነበር። ሰብሳቢው ወደደለት።

«ጥሩ ተናግሯል» አለች ብሎን፣ እውነትም ስለሆነ።

ደረጃውን ስትወርድ እንደገና ቅናት ያዛት። በእህቷ አልነበረም፤ በተቆጣጣሪውም አልነበረም። ትናንት ጠዋት አዳራሹ ውስጥ «አዎ፣ አንድ ነገር አለ» ልትል ትችል በነበረችው ሴትዮ ነው የቀናችው።