ሁለቴ ያለፈው ጥጥ

አክስቴ ሱዳን ውስጥ ዶካ በምትባል ከተማ ስትኖር ጸጉሯ ሸብቷል፤ ከወፍጮ ሌላ የምታምነው ማሽን ግን አልነበራትም። አምና ልጇ ስትታጭ፣ ለልጅቷ አማት ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ እሰጣለሁ ብላ ሰው በተሰበሰበበት ቃል ገባች። ጥጡን እንደ ወጉ በብረት ዘንግ ድንጋይ ላይ ከመዳመጥ ይልቅ፣ መዳመጫውም ያው ወፍጮ ነው ብላ፣ አህያ ላይ ጭና ወደ መዳመጫ ፋብሪካው ወሰደችው። እኔም ተከተልኋት፤ ዝም የሚል ሰው ለጭነት ይመቻል።

ጥጡ ፍሬውን ለቆ ነጭ ሆኖ ወጣ። አክስቴ ግን ጥቂት የቅጠል ስብርባሪ አየችበት።

«ያ ኡስታ፣ ድገመው» አለችው ባለማሽኑን፣ በዐረብኛ ባለሙያነቱን ጠርታ። «ዱቄትስ ሁለቴ ሲፈጭ አይደል የሚልመው?»

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ይህ እኮ ጥጥ ነው።»

«ታዲያ እኔ ማሽላ መሰለኝ?»

ደገመው።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ ያነበብሁት ሁሉ አይረሳኝም። የማሽኑ የመጋዝ ጥርስ የጥጡን ፀጉር ከፍሬው ሲነጥቅ ይበጥሰዋል፤ እንደ እኛው በበጋ ሐሩር የደረቀ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ያደቀዋል። ይህን ቀስ ብዬ ነገርኋት።

«መጽሐፍሽ ፈትሎ ያውቃል?» አለችኝ።

አልፈተለም።

ቤት ገብተን እንዝርት ስናሾር ክሩ በየስንዝሩ ይበጠስ ጀመር። አክስቴ መጀመሪያ እንዝርቱን ወቀሰች፣ ቀጥላ ነፋሱን፣ ከዚያ የእኔን ጣቶች። በመጨረሻ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የመጣው ሸማኔ ክሩን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ በጠሰው።

«እትዬ፣ ይህ ለድር አይሆንም። ስወጥረው ውዬ ስቀጥለው ላድር ነው።»

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አማቲቱ ስለ ጋቢዋ ያላወራችለት ገበያተኛ የለም። ከአንድ እርሻ ያልተዳመጠ ጥጥ ለምኜ አመጣሁ፣ ድንጋዩንና ብረቱን ፊቷ አስቀመጥሁ። አክስቴ ተንበርክካ መዳመጥ ጀመረች። የተገኘው ለድሩ ብቻ በቃ። እንደ ድሩ የማይወጠረውን ማግ ሁለቴ ካለፈው ጥጥ ወፈር አድርገን ፈተልነው።

ጋቢው ለሠርጉ ደረሰ። አማቲቱ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ደርባው ዋለች፤ ስታወልቀው ቀሚሱ ከማጉ በረገፈው ብናኝ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲታጠብ ይተዋል» አለች አክስቴ፣ ውኃ ከነካው ማጉ ረግፎ እንደሚያልቅ እያወቀች።

«ኧረ ምን በወጣኝ አጥበዋለሁ!» አለች አማቲቱ ጋቢውን እያጣጠፈች። «ለመቀበሪያዬ ነው የማስቀምጠው።»

አክስቴ የሰው ሞት ሲነሳ እንዲያ ደስ ሲላት አይቼ አላውቅም።