እናቴ ዝም ያላለችበት በጋ

ዓሣ በዘይት ሲጠበስ የሚወጣው ሽታ ድንገት ሲያገኘኝ መጀመሪያ ምራቄን ያመጣዋል፣ ቀጥሎ ደሜን ያፈላዋል። ሚዛን ከተማ ውስጥ ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ከመንገዱ ማዶ ካለች ምግብ ቤት ያ ሽታ ተነሥቶ ይመጣና፣ ልጆቼ እራት እየጠበቁኝ መሆኑን አስረስቶ ቴፒ፣ ወንዝ ዳር ይወስደኛል፤ አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጥበሻ ላይ አጎንብሶ አየዋለሁ። የልጅነት ትዝታ ጣፋጭ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የእኔ ጣፋጭነቱ እስከ ግማሹ ድረስ ነው።

አባቴ ከድር ከጅማ መጥቶ ቴፒ የከተመ ነጋዴ ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ባትሪና የላስቲክ ጫማ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሱቋን የከፈተለት ሚዛን የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ጀማል ነው። ጀማል ቡና እየገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ብቻ ሰላምታ የሚመልስ ሰው ነበር፤ እቃ የሚልክልን እሱ፣ ለበዓል ልብስ የሚገዛልን እሱ፣ አባቴ ለማንኛውም ነገር «ወንድሜን ልጠይቅ» የሚለው እሱን ነበር። በቤታችን ስሙ ሲነሣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ክረምት ላይ ስለ ወንዙ አይወራም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ያድርና ጠዋት መንገዱ ሁሉ ጭቃ ይሆናል፣ ወንዙም ከጫካ ግንድ እየነቀለ ቡና መስሎ ይወርዳል። አባቴ ግን ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ከባንኮኒው ሥር መረቡን አውጥቶ፣ የተበጠሰውን እየቋጠረ፣ «ጥር ይምጣ ብቻ» እያለ ለራሱ ያጉተመትም ነበር። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላና ከተማው በለቃሚ ይሞላል፤ ያን ጊዜ አባቴ ሱቅ ውሎ ሱቅ ያመሻል፣ እናቴም ከጅማ ለሚመጣው ዘመድ፣ ከሚዛን ለሚመጣው እንግዳ፣ ለሱቁ ሠራተኛ ስታበስል፣ ስታጥብና ስታነጥፍ ቀኑ ያልቅባታል። ሰአዳ የሚለው ስሟ ከሁሉም አቅጣጫ ይጠራ ነበር። ሰአዳ ውሃ፣ ሰአዳ ምሳ፣ ሰአዳ ፍራሽ።

ጥር መጥቶ ቡናው ተለቅሞ፣ ወንዙ ጠርቶ ድንጋዮቹ ሲታዩ፣ አንድ እሑድ ሱቁ ይዘጋና ወደ ጋሽ ማርቆስ ቤት እንሄድ ነበር። ጋሽ ማርቆስ የአገሩ ተወላጅ፣ ሸኮ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ቡናና ዝንጅብል ያለማል፣ በገበያ ቀን እቃውን ሱቃችን እያስቀመጠ ሲሄድ ከአባቴ ጋር ወዳጅ ሆኑ። ሚስቱ ማርታ ገና ከሩቅ ስታየን ጎደሬውን እሳት ላይ ትጥድ ነበር። ታምሩ የሚባል ትንሽ ልጅ ነበራቸው፤ ገና ከመድረሳችን ቀሚሴን ይዞ ወደ ውሃው ይጎትተኝ ነበር።

አባቴና ጋሽ ማርቆስ ከወዲያና ከወዲህ ሆነው መረቡን ይጥላሉ፣ እኔና ታምሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ትል እየቆፈርን መንጠቆ ላይ እንሰካለን፣ ብዙ ጊዜ ምንም አንይዝም። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ሲያዝ ጋሽ ማርቆስ ሆዱን ሰንጥቆ በወራጁ ውሃ ያጥበዋል፣ አባቴ ደግሞ ጨውና ሚጥሚጣ አሽቶበት ይጠብሰዋል። እቤት ድስት ነክቶ የማያውቅ ሰው እዚያ ማንንም አያስጠጋም ነበር። ዓሣውን ከጎደሬው ጋር በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግተን፣ ከእሳት የወጣ ትኩስ አጥንት ጣታችንን እያቃጠለን እንበላለን። ሥጋ ቢሆን የእስላም፣ የክርስቲያን ተብሎ በየፊናችን ነበር የምንበላው፤ ዓሣ ግን ቢላ አይባረክለትምና ሁላችንም ከአንድ ቅጠል እንበላ ነበር። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ትዘረጋለች። ማንም አይጠራትም። ዓመቱን ሙሉ ለእሷ የተተወላት ቀን ያ ብቻ እንደነበረ ያወቅኩት ከተወሰደባት በኋላ ነው።

የወሰደባት ጀማል ነው። አንድ ጥር ላይ፣ እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስለ ጉዟችን ሰማና «እኔም እንግዶች አሉኝ፣ ይዣቸው እመጣለሁ» ብሎ ላከ። በፒክ አፑ ሁለት ነጋዴዎች ጭኖ፣ የፕላስቲክ ወንበርና ለስላሳ መጠጥ በሣጥን ይዞ መጣ። እናቴ የዚያን ቀን ጫማዋን አላወለቀችም፤ ገና እንደወረዱ ሰሃን እንድታጥብ ተጠራች።

መረቡ ሁለት ጊዜ ተጥሎ ትንንሽ ዓሣ ብቻ ሲወጣ ጀማል ሰዓቱን ማየት ጀመረ። «እነዚህን ሰዎች ከሚዛን ድረስ አምጥቼ በዚህ ላብላቸው?» አለ። ተነሥቶ ከመኪናው በቆሎ ላይ የሚረጭ የተባይ መርዝ ጠርሙስ አወጣና ከመታጠፊያው በላይ ወዳለው ቦታ ሄደ። ጋሽ ማርቆስ የዚያን ሰዓት እንጨት ሊያመጣ ወደ ጓሮው ሄዶ ነበር። አባቴ ተከተለው።

«ጋሼ፣ ይኼ ይቅር። ሰው ይጠጣዋል።»

«ድሮም በብርብራ ፍሬ ዓሣ ያሰክሩ የለ? ምን ልዩነት አለው? ወራጅ ውሃ ነው፣ ይወስደዋል።»

አባቴ ጠርሙሱ ሲደፋ ቆሞ አየ። እኔም ከቁጥቋጦው አጠገብ ሆኜ አባቴን አየሁት፤ ዛሬ ስናደድ ፊቴ ላይ የሚመጣው ጀማል አይደለም፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ የቆመው አባቴ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዓሣው ነጭ ሆዱን እያሳየ ተንሳፈፈ፣ ለማመን የሚያስቸግር ብዛት ነበረው፤ ጣት የሚያህሉት ጫጩቶች ሳይቀሩ ወጡ። እንግዶቹ ሳቁ፣ አንዱ ፎቶ አነሣ። እናቴ ከሰሃኑ ቀና ብላ አየችና «ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀች። ጀማል ከመኪናው ሲያወጣ ያየችውን፣ አሁን ከዛፉ ሥር የተጣለውን ጠርሙስ አንሥታ አሸተተችው፣ በሻርፗ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችው። ከዚያ «ይህን ዓሣ ማንም እንዳይነካ» ብላ መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አወረደች።

ያን ጊዜ ነው ማርታ ስትጮህ የሰማነው። ታምሩ ቤታቸው ሥር፣ ውሃው በሚተኛበት ቦታ፣ ተንሳፍፎ የመጣለትን ዓሣ በሁለት እጁ እየያዘ ሲጫወት ነበር። ጋሽ ማርቆስ ተሸክሞት ሲመጣ ከአፉ ለሀጭ ይወርዳል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። መኪና የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጀማል እንግዶቹን እዚያው ትቶ፣ ማርታንና ልጁን፣ እናቴንና እኔን ከኋላ ጭኖ ነዳ፤ አባቴና ጋሽ ማርቆስ ጋቢና ገቡ። በመስኮቱ በኩል ጀማል የሚናገረው ሁሉ ይሰማን ነበር።

«ማርቆስ፣ አይዞህ፣ ይድናል። ማንጎ በልቶ ይሆናል፣ ጥሬ ማንጎ እንዲህ ያደርጋል።»

ጋሽ ማርቆስ «ማንጎ አልበላም። ማንጎ የለንም» አለ። አባቴ ወደ መንገዱ ያይ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ልጁን አልጋ ላይ እያስተኛች «ምን በላ? ምን ጠጣ?» ብላ ጠየቀች። ጀማል ቀደመና «ጥሬ ማንጎ ነው፣ ልጆች መቼ ይሰማሉ» አለ። ነርሷ ወደ አባቴ ዞረች፤ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «እኛ አላየንም» አለ። እኛ አላየንም። ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ቦታ ሰማኋት፣ በሰማሁ ቁጥር የሚናገረውን ሰው አፍ ማየት አልችልም።

እናቴ ጠርሙሱን ከሻርፗ ፈትታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። «ማንጎ አይደለም። ይህ ወንዙ ውስጥ ተደፍቷል። ልጁ ውሃው ውስጥ ነበር።»

«ሰአዳ» አለ ጀማል።

«የደፉት እሳቸው ናቸው» አለች ለነርሷ፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

ነርሷ የጠርሙሱን ጽሑፍ እያነበበች ወደ ውስጥ ሮጠች። ለመርዙ የሚሆነው መድኃኒት ተሰጠው። ታምሩ እስከ ምሽት ሲንፈራገጥ ቆየ፣ ከዚያ ትንፋሹ ተስተካከለ። ነርሷ ማርታን እንዲህ ስትላት ሰምቻለሁ፤ «ባይነገረን ኖሮ ሆዱን ስናክም ያመልጠን ነበር።» ማርታ የእናቴን እጅ ይዛ፣ በራሷ ቋንቋ ያልገባኝን ነገር እየደጋገመች ትናገር ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ደስ እያለኝ አወራው ነበር። አላበቃም። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰበሰቡ። ጀማል ለጋሽ ማርቆስ ጊደር እንዲሰጥ፣ ጋሽ ማርቆስም ክስ እንዳያነሣ ተባለ። ጋሽ ማርቆስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ልጄ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጊደሯ ትቅር። ለምን ዋሸህ? ይህን ብቻ ንገረኝ» አለ። ጀማል ኮቱን አስተካከለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያለፈን ነገር እየቆፈሩ መኖር አይቻልም፣ ሰው ይሳሳታል» ብሎ አለፈው። ማርታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ።

«ሰአዳ፣ አንቺም ነይ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ታላቅሽን በሰው ፊት አዋርደሻል። ጉልበታቸውን ሳሚና ይቅር በሉኝ በያቸው፣ ቤተሰቡ ይጠገን።»

እናቴ ሻይ የያዘውን ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቴን አየችው። አባቴ መቁጠሪያውን ይቆጥር ነበር።

«እሳቸው መጀመሪያ ማርታን ይቅርታ ይጠይቁ» አለች። «ከዚያ በኋላ እኔ የምጠየቅበት ነገር ካለ እሰማለሁ።» ማርታን በእጇ አስነሥታ ይዛት ወደ ውጭ ወጣች። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

በዚያው ክረምት ጀማል እቃ መላክ አቆመ። የሱቁ መደርደሪያ እየሳሳ ሄደ፣ በመጨረሻም አባቴ ሱቁን ለቆ ገበያ ውስጥ ሸራ ወጥሮ መሸጥ ጀመረ፣ ዝናቡ ሲመጣ ጨርቁ ይረጥብበት ነበር። ከጅማ የሚመጡ አክስቶቼ እቤታችን ማደር ተዉ። ሰው ሁሉ «ሰአዳ ቤት አፈረሰች» ይል ነበር፤ መርዝ የደፋው ሰው ቤት አፈረሰ ያለ አንድም አልሰማሁም። አባቴ አልመታትም፣ አልሰደባትም፣ ዝም ብቻ አላት። የሚፈልገውን በእኔ በኩል ይልክ ነበር፤ «እናትሽን ሸሚዜ የት እንዳለ ጠይቂያት» ይለኛል፣ እሷ ከጎኔ ቆማ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ፣ ከዚያ እንደገና መነጋገር ጀመሩ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ እኔ ትምህርት። ጥር በመጣ ቁጥር ከሱቁ የመጣው መረብ ከአልጋው ሥር አልወጣም። ጋሽ ማርቆስ ግን በገበያ ቀን እየመጣ፣ እቃውን ለአባቴ ሳይሆን ለእናቴ አደራ ሰጥቶ ይሄድ ነበር።

ዛሬ ታምሩ ትልቅ ሰው ነው፣ ሞተር ይነዳል፣ ባገኘኝ ቁጥር በነፃ ያደርሰኛል። ጀማልም በሕይወት አለ። በሰርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል፣ ምርቃት ሲሆን እሱ ይጠየቃል፣ ወጣቶቹ ተነሥተው እጁን ይስማሉ። እኔ አልነሣም። «እስከ መቼ ትይዢበታለሽ? ልጅ ነበርሽ እኮ» ይሉኛል። ልጅ ስለነበርኩ ነው ያየሁት፤ ትልልቆቹ አላየንም ብለዋል።

ባለፈው ጥር ወላጆቼን ልጠይቅ ቴፒ ወርጄ ነበር። አባቴ አርጅቷል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እንደ ዋዛ ስለ ወንዙ አንሥተን ስንጨዋወት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽ ልክ ነበረች» አለኝ። ይህን ቃል ሙሉ ዕድሜዬን ስጠብቀው ኖሬ ሲመጣ ደስታ ሳይሆን እሳት ሆነብኝ።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እሷ ጓዳ ናት» አልኩት።

ወደ በሩ አየ። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ፓፓያና ቢላዋ በሰሃን ይዛ መጣች፣ ፊቱ አስቀመጠችለት። እኔ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። አባቴ ፓፓያውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ቢላዋው ደንዟል» አላት። እናቴ ቢላዋውን አንሥታ ልትስለው ተመልሳ ገባች።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ዝም ሲል የሚናገረው ጠፍቶት ይመስለኝ ነበር፣ አዝንለትም ነበር። አሁን የሚናገረውን እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ተነሥቼ እናቴን ተከትዬ ገባሁ።